የወደቀ ሰው አንሥቶ ቀይ ካርድ ስለተሰጠው ልጅ

ለተከበሩ ዳኛ ክንፈሚካኤል
ቡሬ፣ ባሉበት

ክቡርነትዎ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ ደኅና ነው? እኛ የላይ ሜዳ ገበሬዎች፣ ያለፈው እሑድ ፊሽካዎ ከጆሯችን አልወጣ ማለቱ ካልሆነ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

የማታ ትምህርት ከጨረስሁ ወዲህ ከግሽ ዓባይ እስከ ቡሬ ደብዳቤ በመጻፍ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። የለም ስል እንኳ ያስተማሩኝ መምህርት ፍሬሕይወት አሉ። ይህንንም ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ ስድብ የመሰላቸውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ስለሰረዙብኝ፣ ለእርስዎ የተረፈው ምስጋና ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት የእኅቴ ልጅ የሽዋስ ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነው። በሚመጣው እሑድ ፍኖተ ሰላም ላይ ስንጫወት የዞኑን ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ። ልጁ ለዚያች ቀን ብሎ ክረምቱን በሙሉ ከእርሻ እየተመለሰ በጭቃ ላይ ሲሮጥ ከርሟል። አሁን ግን በእርስዎ ቀይ ካርድ ከእኔ ጋር ዳር ቆሞ ሊያጨበጭብ ነው። የጨዋታውን ሪፖርት ገና እንዳላስገቡ ስለሰማን፣ ብዕርዎ ወረቀቱን ሳይነካ ልድረስ ብዬ የሚከተለውን ምስጋና አቅርቤያለሁ።

1ኛ/ ስለ ፍጹም ቅጣት ምቱ እናመሰግናለን። የቡሬ ከተማው ቡድን አጥቂ ወንዳወቅ ወደ ግባችን ሲገሰግስ አዲሱ ታኬታ ጫማው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በፊቱ ተደፋ። የእኛ የሽዋስ በዚያች ሰዓት የአንድ አውድማ ስፋት ያህል ርቆ ነበር። ሰው ሲወድቅ አይቶ ዝም ማለት በቤቱ አልለመደምና፣ ኳሷን ትቶ ሮጦ ሄደ፤ “እኔን ወንድሜ፣ እኔን” እያለ ብብቱን ይዞ አነሣው፣ የጉልበቱንም ጭቃ በመዳፉ ጠረገለት። ይህን ሲያዩ ነው ፊሽካውን ነፍተው ቀይ ካርድ የመዘዙበት። አምበላችን ጎንበስ ብሎ ምክንያቱን ቢጠይቅዎ “ያልጣለ ሰው ምን አስሮጠው? ጥፋቱን ባያውቅ ኖሮ እንዲህ ይለማመጥ ነበር?” አሉት። እኛ እስከ ዛሬ ይህን ሳናውቅ ስንት ሰው አንሥተናል። ከእንግዲህ ጎረቤት ሲወድቅ እጃችንን አጣምረን ደመና እንድንቆጥር ለልጆቻችን ነግረናል፤ ለዚህ ትምህርት ውለታዎን የምንከፍልበት የለንም።

2ኛ/ ከዚያ ቀደም ብሎ የከተማው ተከላካይ የእኛን ልጅ በክርኑ ደረቱን ብሎ ሲጥለው፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ “ዳኛ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ አልነካሁትም” እያለ ወደ እርስዎ ሮጠ። ከኋላው ያለው የከተማ ደጋፊም አብሮ ጮኸ። እርስዎም አመኑት። የእኛ ሰዎች በታላቅ ሰው ላይ አይጮህም ተብለው ስላደጉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዝም ብለው ተመለከቱ፤ ዝምታችንንም እሺታ አደረጉልን። ልጃችን ተጋድሞ ሲያቃስት የጣለው ልጅ ዘወር ብሎ አላየውም፤ በእርስዎ ሕግ ያላነሣ አልጣለምና፣ ፍርዱ ትክክል ነው።

3ኛ/ ይኸኛው ማጽናኛ ነው። መንደሩ ጉቦ በልተዋል ይላል፤ እኔ ግን አፌን ይቁረጠው። አንዲት በቅሎ ነበረችኝ። የቀድሞ ጌታዋ ጠላ ወዳድ ኖሮ፣ ከገበያ ስንመለስ እዚያ ጠላ ቤት በር ስትደርስ ማንም ልጓሟን ሳይስብ ታጥፋ ትገባ ነበር። እሷ መንገድ የሳተች አይመስላትም፤ መንገዱ ያ ብቻ ይመስላታል። (ባለቤቴ ጥሩዬ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ አታምነኝም።) እርስዎም ቡሬ ተወልደው፣ ቡሬ ኖረው፣ ዓይንዎ ባለ ታኬታና ጸጉሩን የተቆረጠ ልጅ ሲያይ ስለለመደ፣ ባለ ኮንጎ ጫማ ሲያዩ ፊሽካዎ በራሱ ታጥፎ ወደ አፍዎ ይገባል። ሆን ብለው አይደለም፤ ልብዎም አልሰማም። ከበቅሎዋ ጋር ማስተያየቴ እንዳይመስልብኝ አደራ፤ እሷ ሲጠሯት ትመለስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ልግባ። ጨዋታው አልቆ ወደ ሞተርዎ ሲሄዱ የሜዳው ዳር ቦይ አንሸራትቶዎት እንደ ወንዳወቅ በፊትዎ መደፋትዎን አልረሱትም፤ ሱሪዎም አይረሳውም። ያን ጊዜ የሽዋስ፣ ካርድዎን ተሸክሞ ዳር ከቆመበት፣ “እኔን ጋሼ” ብሎ ሮጠ። እኔም ተከትዬው ሮጥሁ፤ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ብብትዎን ይዘን አነሣንዎት። ልጁ ፊሽካዎንም ከጭቃው ፈልጎ በማልያው ጫፍ ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጠዎት። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሪፖርቱን ሲጽፉ፣ እርስዎን የጣለዎት ማን እንደሆነ በዚያው እንዲጠቅሱልን በትሕትና እንጠይቃለን። ያነሣ ሁሉ የጣለ ከሆነ የሽዋስ እርስዎንም ጥሏልና ሁለተኛ ቀይ ይጨመርበት፤ ለእኔም አንድ ይድረሰኝ። በገዛ እግርዎ ወድቀው ከሆነ ግን፣ ወንዳወቅም እንደ እርስዎ በገዛ እግሩ መውደቅ እንዲፈቀድለትና ልጃችን እሑድ እንዲጫወት ይጻፉልን።

እግርዎ ጭቃ በረገጠ ቁጥር የሚያነሣዎት ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሰይፈ ወልደ ዮሐንስ
የማታ ተማሪ የነበረ፣ አሁን ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለፍኖተ ሰላም መራጮች
ለቦዩ

ማስታወሻ፦ መምህርት ፍሬሕይወት ደብዳቤ ውስጥ ውሸት አይገባም ስላሉኝ፣ የፈጠርኋትን አንዲት ነገር ልመልስ። እኔም ሮጬ በግራ ብብትዎ አነሣሁዎት ያልሁት ሐሰት ነው። እኔ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ እየሳቅሁ ነበር፤ የከተማው ደጋፊም፣ ወንዳወቅም እንዲሁ። ያነሣዎት ያ ያባረሩት ልጅ ብቻ ነው።