የእምዬ ደጋንና የሞጆው ፎርም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሥዩም ገብረ መድኅን፤
ሞጆ።

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የቆዳ ፋብሪካው መድኃኒት ያመመው ደረትህስ ተሻለው? ኢየሩሳሌም ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ እመቤትስ? ባለፈው «ማንኪያውን በግራ እጄ ካልያዝኩ እያለች አስቸገረችን» ብለህ ነበር፤ አሁንስ እሺ አለቻችሁ ወይስ እንዳስቸገረች ነው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ዛሬም ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ፤ ባለቤቴ ደምሌ ባጃጁን ይነዳል፤ እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር ተጣብቄ ወገቤን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ምላሴም ደህና ነው። ናፍቆትህ ግን ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ ደስ ባለኝ ነበር። ኔትወርኩ አንድ ቀን ብቅ ካለ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ በዚያ ላይ አባባ «ይህ ነገር በወረቀት ይሂድ፤ በስልክ የተባለ ነፋስ ይወስደዋል» ስላሉ ነው የምጽፍልህ። እኔም ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል የጻፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እጄን አሞኛል፤ ሳትዘል አንብበው።

ደብዳቤህንና ፎርሙን የጭነት መኪናው ሾፌር ክንዱ በደህና አድርሶልኛል። ለቆዳ ማድረቂያ የሠራኸው የብረት መወጠሪያ፣ ያ በየጠርዙ መቆንጠጫና ሞላ ያለው፣ ፓተንት ሊጠየቅለት ነው ብለህ መጻፍህን ያየሁ ጊዜ እልልታዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበው። ምን አገኘሽ ሲሉኝ፣ «ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል አይደል? እሱ የሠራው ብረት አብሮ ይሳብለታል፤ ስለዚህ ቆዳው አይቀደድም» አልኳቸው። ፓተንት ደግሞ ምንድን ነው ላሉኝ፣ «ይህን መጀመሪያ ያሰበው እገሌ ነው ብሎ መንግሥት የሚመሰክርበት ወረቀት ነው» አልኩ። ከጎረቤት አንዷ አሮጊት «እንዲያማ ከሆነ እኔም ያሰብኩትን ላስመዝግብ፤ ባሌ ሳይቀድመኝ» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ቀልዱን ልተወውና፣ የጻፍከው ቁም ነገር ገብቶኛል። አሥራ አንድ ዓመት እርጥብ ቆዳ ተሸክመህ፣ አሁን ወረቀቱ ከወጣ ፋብሪካው አዲሱን የማድረቂያ ክፍል ላንተ ሊሰጥህ ነው፤ ፎርሙም ግንቦት ሳያልቅ መግባት አለበት። ከአባባ የፈለግኸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በልጅነትህ ከሳቸው የብራና መወጠሪያ ላይ ያየኸው ጎባጣ እንጨት ለሌላ ሰው ታይቶ እንደሆነ መልስ እንዲሰጡ፤ ሁለተኛው፣ «ሐሳቡ የልጄ ነው» ብለው እንዲፈርሙልህ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፎርሙን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አባባ ወዳሉበት ወደ ቤተ ልሔም ደብር ወጣሁ፤ እስከሚቻለው በሚኒባስ፣ ቀሪውን በእግሬ።

አባባ ደጅ ተቀምጠው የፍየል ቆዳ እየፋቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል ሥዩሜ፤ ላንተ አልነግርህም ብዬ ነበር። አሁን ብራናውን የሚፍቁት በጣታቸው እያዳመጡ ነው፤ የወፈረበትን ይዳስሳሉ፣ ይፍቃሉ፣ ደግመው ይዳስሳሉ። መጻፍማ ከተዉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። «ማነሽ?» አሉኝ። «እድላዊት ነኝ» ስል «እግርሽ ከብዷል፤ ወፈርሽ እንዴ?» አሉ። ጆሯቸው ከዓይናቸው ይልቅ ጨካኝ ሆኗል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። ይህ ዕቃ ከዚህ በፊት ለሰው ታይቷል ወይ? አባባ ሳቁ። «ለማን አላሳየሁትም!» ብለው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የእስቴው ይርጋ ተምሮት ሄዷል፤ ከስማዳ ሁለት ወንድማማቾች ተምረውታል፤ ወገዳ ላይ አንዱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የድጓ ዜማ ሊያስመሰክሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ አይተውታል። አንዱን እጅ ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ሰው አይቁጠሩ፤ ሥዩምን ይጎዱታል፤ ወረቀቱ አዲስ ነገር ነው የሚፈልገው» አልኳቸው። ጣታቸውን እንዳጠፉ ቀና አሉና፣ «ታዲያ ተማሪ እንዴት ነው የሚሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ በነጠላዬ ልሸፍነው ኖሯል?» አሉኝ።

ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። «እንግዲያው ይህችን ይፈርሙለት፤ ሐሳቡ የልጄ ነው ይበሉለት» አልኩ። መፋቂያውን መሬት አስቀመጡት። ያንተ አለመሆኑን፣ የሳቸው መሆኑን ሊነግሩኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በዚህ መሃል የእምዬ ታናሽ እህት እትዬ ዓለምዬ የገብስ ቆሎ ይዘው ብቅ አሉ፤ ነገሩን ከኔ ከሰሙ በኋላ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና፣ «መሪጌታ፣ ዛሬም ዝም ሊሉ ነው? አንቱ ይናገራሉ ወይስ እኔ ልናገር?» አሏቸው። አባባ «ተይኝ፤ እናገራለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ተውኩዎትኮ!» አሉ እትዬ ዓለምዬ፣ ቆሏቸውን ይዘው ቁጭ እያሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንተ ገና ጡት አልጣልክም ነበር። አባባ ለአንድ ደብር ወንጌል ሊጽፉ የአሥራ ሁለት ፍየል ቆዳ ተረክበው ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የኛን አገር የጥር ነፋስ ታውቀዋለህ። ቆዳውን እንደ ልማዱ በጠፍር አጥብቀው ወጥረው ያድራሉ፤ ጠዋት ሲያዩት ጠፍሩ የገባበት ቀዳዳ ላይ ተተርትሯል። አንዱ ተቀደደ፣ ሁለተኛው ተቀደደ፣ አራተኛው ሲቀደድ አባባ እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። የሰው ንብረት ነው፤ ከየት ይተኩታል? ያኔ እምዬ ጥጥ ትነድፍ ነበር። የጥጥ መንደፊያ ደጋኗን እንደያዘች ወጥታ ቆዳውን ነካ ነካ አደረገችና፣ «መሪጌታ፣ ይህን ምስኪን በአራት በኩል ጨምድደው ይዘውት እንዴት አይቀደድ? የሚጎብጥለት ነገር ይስጡት እንጂ» አለች። ጠፍሩን ከእንጨቱ ላይ ፈታችና በደጋኗ ላይ አሰረችው። ቆዳው ሲኮማተር ደጋኑ ጎበጠለት፤ ሲፋቅና ሲላላ ደጋኑ ተመልሶ ሳበው። የቀሩት ስምንት ቆዳዎች አንዳቸውም አልተቀደዱም።

ሥዩሜ፣ ይህን ስሰማ ምን ትዝ አለኝ መሰለህ? እምዬ ጥጥ በምትነድፍበት ቀን ሁሉ «እድልዬ፣ ሂጂና ከአክስትሽ ደጋን ተዋሺልኝ» ትለኝ ነበር። ያን ሁሉ ፈትል የምትፈትል ሴት ለምን የራሷ ደጋን የላትም ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ዓለምዬን ሳያቸው እሳቸውም እያዩኝ ነው። «ያልመለሰችልኝ ሁለት ደጋን አለኝ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አባባ ለምን ዝም አሉ? ራሳቸው ነገሩኝ፤ እኔ አልጠየቅሁም። ያን ወንጌል ያየ ሁሉ ብራናውን አደነቀ፤ እጅዎ ይባረክ አላቸው። ተማሪዎች መጡ። ብራና የወንድ ሙያ ነው በሚባልበት ደብር፣ ሚስቴ ናት ያሳየችኝ ማለት አፍረው፣ ዛሬ እናገራለሁ ነገ እናገራለሁ ሲሉ እምዬ በዚያ በወባው ዓመት ታመመችና ሞተች። አንተ አምስት ዓመትህ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት። «በየመጽሐፉ መጨረሻ ያስጻፈውን ሰው ስም ጻፍኩ፤ ጸልዩልኝ ብዬ የራሴንም ጻፍኩ። የሷን በአንዱም አልጻፍኩም። አንድ ቀን እንኳ ስሜስ አላለችኝም» አሉ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የሆነውን ልንገርህ፤ አትቆጣ። «ያን ወረቀት ስጭኝ፤ ስም የሚጻፍበት ላይ ጣቴን አኑሪልኝ» አሉ። ሊፈርሙልህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ገብተው የመቃ ብዕራቸውንና ቀለማቸውን አወጡ፤ እኔ እስክሪብቶ ላምጣ ስል አልሰሙኝም። ጣታቸውን የፈጠራው ባለቤት ስም በሚለው መስመር ላይ አኖርኩት። ጎንበስ ብለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አድርገው፣ «ወለተ ሚካኤል» ብለው ጻፉ፤ አገር ማሚቴ ብሎ የሚያውቃትን እናታችንን በክርስትና ስሟ። በቀይ ቀለም ሥዩሜ! አባባ በቀይ የሚጽፉት የእግዚአብሔርን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስምና መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም ብቻ እንደሆነ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቀለሙን ስትበጠብጥላቸው ያደግኸው አንተ ነህ። ፊደሏ አንዲት አልተንቀጠቀጠችም።

እኔ ግን ጮህኩ። ፎርሙ ላይ በትልቁ «በጥቁር ወይም በሰማያዊ ይሞላ» ይላል፤ ደግሞ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። «አባባ፣ ወረቀቱን አበላሹት!» አልኳቸው። «የተበላሸውን አቀናሁት» አሉና ብዕራቸውን ጠረጉ። እትዬ ዓለምዬ ደግሞ ማንበብ ሳይችሉ ፎርሙን ገልብጠው ገላልጠው አዩና፣ «አበጁ፤ ቀዩ አምሮበታል» አሉ። ሁለት ሽማግሌ አንድ ላይ ከተነሳብህ ወዴት ትሄዳለህ?

እውነቴን ልንገርህ፤ ስመለስ በመንገድ ላይ ተናድጄ ነበር። የሞተችው ላትጠቀምበት፣ ያለውን ልጇን የሚጎዳ ነገር ምን ይሉታል ብዬ። ሰኞ ዕለት ሕግ የተማረውን ደንበኛዬን ጥላዬን፣ ሱሪውን ሁልጊዜ እኔ ዘንድ የሚያስጠብበውን፣ ጠየቅሁት። እሱ እንደሚለው፣ ሰው ሁሉ ሲሠራበት የኖረ ነገር ይኸው የኔ ነው አይባልበትም፤ ደጋኑ የማንም ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ያንተ መቆንጠጫ፣ ሞላው የተሰካበት መንገድ፣ መቶ ቆዳ በአንድ ጊዜ የሚወጠርበት አሠራር ከዚህ በፊት ካልነበረ እሱ ያንተ ነው፤ ከምን እንደተነሣህ ግልጽ አድርገህ ጻፍ፣ የቀረውን እዚያው አዋቂ ጠይቅ አለኝ። ምናልባት እንዳሰብከው ትልቅ ወረቀት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ክፍሉን ያዘገይብህ ይሆናል። እሱን አልደብቅህም።

ሌላ ፎርም አውጥተህ በስምህ ብቻ ብትሞላው የሚያውቅብህ የለም። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም አፌ ሰፊ ቢሆን በወንድሜ ላይ አልከፍተውም። አባባም አልከለከሉህም። «ልጄ እንዳየው ያድርግ፤ እኔ ግን ሁለተኛ አልዋሽም» ነው ያሉት። የኔን ከጠየቅኸኝ ግን፣ እስክትሞት ደጋን ስትዋስ ከኖረችው ሴት አሁን ደግሞ እኛ ልጆቿ ተውሰን ሳንመልስ አንቅር። ከምን ተነሣህ በሚለው ቦታ አንዲት መስመር ጻፍላት፤ በሰማያዊውም ቢሆን። የቀረው ያንተው ነው፤ እሷ ብረቱን ከየት ታውቀው ነበር!

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ክንዱ ሁለት ነገር ያደርስልሃል። አንዱ የተበላሸው ፎርም ነው፤ ለቢሮው ባይሆንም እንዳትጥለው፤ አባባ «ቀለሙ እንዳይፈዝ ከፀሐይ ያርቀው» ብለዋል። ሁለተኛው በአቡጀዲ የተጠቀለለው የእምዬ ደጋን ነው። አባባ እሷ ከሞተች ወዲህ በሌላ ነው የሠሩት፤ ይህን ከራስጌያቸው ሰቅለውት ኖረዋል። ጫፉ ላይ ያለችውን የጠፍር ቋጠሮ አትፍታት። እኔ ልፈታት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ በየት በኩል እንደተቋጠረች ግራ ገባኝ። እትዬ ዓለምዬ «አይ ልጄ፣ እሷ ግራኝ አልነበረችም እንዴ?» አሉኝ። አንተ ስታያት ወዲያው ታውቃታለህ፤ ያንተም ቋጠሮ እንደዚያው ነው፤ በዚያች ግራ እጅህ የቄስ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተገርፈሃል።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረስ። ለኢየሩሳሌም፣ «እህቴ፣ የላክሽልኝ ክር እጅግ ጥሩ ነው፣ ቀሚስ ሰፍቼበታለሁ» በልልኝ። አባባ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብለዋል፤ የደረትህን ነገር በጸሎታቸው አልረሱትም። እትዬ ዓለምዬ «የተዋሰችውን ደጋን ልጇ ይመልስልኝ፤ ራሱ ይዞት ይምጣ» ብለዋል። ደምሌ ደህና ሁን ብሎሃል። ትንሿን እመቤት ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ማንኪያውን ግን ከግራ እጇ አትቀሟት።

እህትህ እድላዊት ገብረ መድኅን
ንፋስ መውጫ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.