“ወላጅ ይምጣ”፦ የመምህርት ይታይሽ ማረው የሕይወት ታሪክ

መምህርት ይታይሽ ማረው ከአባታቸው ከቄስ ማረው ደብረወርቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማከለች ደሴ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ጥር 21 ቀን 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ሰውመሆን ማረው ነኝ። በሕይወቴ “አንቺ” እንጂ “እርሳቸው” ብያቸው አላውቅም። እስከ ትናንት ጧት ድረስ “ናቸው” የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ “ነበሩ” ብለህ ጻፍ ተብዬ ብዕር ይዣለሁ። ብሳሳት ታገሡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በተወለዱበት ቀበሌ ተማሩ። ሜዳው እስከ ጥቅምት ድረስ ውኃ ስለሚተኛበት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ራሳቸው ላይ አስረው፣ በኋላም እኔን አዝለው ይሻገሩ ነበር። አንድ ቀን መሐል ላይ ጥለውኝ ደብተሩን እንዳተረፉ እናታችን እስከ ዛሬ ታወራለች፤ እርሳቸው ግን “አንተ ትደርቃለህ፣ ደብተር አይደርቅም” ብለው ይከራከሩ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በወረታ አጠናቀው፣ በጎንደር የመምህራን ማሰልጠኛ ሠልጥነው፣ በ1988 ዓ.ም. በደራ ወረዳ በአንበሳሜ ከተማ በመምህርነት ተመደቡ።

በአንበሳሜ ሰባት ዓመት አስተማሩ። ከዚያ ዘመን ያልረሱት አንድ ልጅ ነው። በ1993 ዓ.ም. ካሴ የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል እየቀረ ገበያ ለገበያ ሲውል ተገኘ። እኅቴም እንደ ደንቡ “ወላጅህን አምጣ” የሚል ወረቀት ጽፈው ሰጡት። አባቱ መጡ፤ በሰልፉ ፊት ልጁን በያዙት ዱላ ደበደቡት። በሦስተኛው ቀን ካሴ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ መሄዱ ተሰማ። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። እኅቴ “ያንን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ” ይሉ ነበር፤ ሌላ ነገር ሲያስቡ ውለው እንኳ ድንገት ይህንኑ ይላሉ።

በ1995 ዓ.ም. ጥር ወር ከግብርና ባለሙያው ከአቶ ገበያው ጋር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ወደ ወረታ ተዛወሩ። እየሩስንና ኪዳነ ማርያምን ወለዱ። በክረምት እየተማሩ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ2005 ዓ.ም. በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አማካሪ ሆነው ተሾሙ፤ ሹመቱ አንዲት ጠባብ ክፍልና አንድ የማይዘጋ ቁም ሣጥን ነበረው።

እኅቴ የአማካሪነት ሥራቸውን የጀመሩት ለካሴ በጻፏት በዚያች ወረቀት ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው “ልጁ ካጠፋ በኋላ የምንጠራው ወላጅ ዱላ ይዞ ነው የሚመጣ። ሳያጠፋ እንጥራው” አሉ። ርእሰ መምህሩ “ያላጠፋ ልጅ ወላጅ ተጠርቶ አይታወቅም” ቢሏቸው፣ “እንግዲያ አሁን ይታወቅ” ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለጥቂት ልጆች ወረቀት ይጽፋሉ። ወረቀቱ ላይ “ወላጅ ይምጣ” ከሚለውና ከቀኑ በቀር ምንም የለም። ለጥፋትም ለደግ ሥራም ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ደጉን ለይቼ ከጻፍሁ ሌላው ወረቀት ዱላ መጥሪያ ሆነ ማለት ነው” አሉኝ።

የመጀመሪያው ወረቀት የደረሳቸው አያ አዛናው የሚባሉ የሩዝ ገበሬ ነበሩ። አያ አዛናው አንድ ቄስ ከነመስቀላቸውና ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ለልጃቸው ይቅርታ ሊለምኑ ከቢሮው በር ላይ ቆሙ። እኅቴ ሁሉንም አስቀምጠው፣ ልጃቸው ለታመመ ጓደኛው ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ሲገለብጥለት መክረሙን ነገሯቸው። አያ አዛናው ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ቄሱን አዩ። “ለዚህ ነው ተቤቴ የጠራሽኝ?” አሉ። “ለዚህ ነው” አሏቸው። “እንግዲያ ድገሚልኝ፤ እናቱ ብነግራት አታምነኝም” አሉ። ያ ልጅ ዛሬ መምህር ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ከዚህ ቤት አልወጣም።

ጧት ጧት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከበሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ያስገባሉ። ያልመጣ ካለ ባጃጅ ተራው፣ ፑል ቤቱ፣ ጫት መሸጫው ድረስ ሄደው ይዘውት ይመጣሉ፤ አይቆጡም፣ “ቦታህ ባዶ ሆነብኝ” ነው የሚሉት። ስለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች ዕድሜ ሲጠየቁ፣ “አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ወረታ መገንጠያው ነው። የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም መኪና እዚያው ይቆማል። ልጁ ሳይሳፈር የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል” ይሉ ነበር። በእኛ በቤተ ሰቦቻቸው በኩል ግን ምሳ የማያደርሱ፣ በዓል ላይ እንኳ የሰው ልጅ ጉዳይ የሚያወሩ፣ ግትር ሴት ነበሩ። አቶ ገበያው የቀዘቀዘ ወጥ የለመዱት በእርሳቸው ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በእርሳቸው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ፀደይ ያችን ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ለሐሙስ ጧት ተጠርቻለሁ። እዚህ ላይ ኀፍረቴን አልደብቅም። አሥራ ሦስት ዓመት በየሰርጉና በየለቅሶው የአያ አዛናውን ታሪክ እያወራሁ ሰው ያሳቅሁት እኔ፣ ወረቀቱ በእጄ ሲገባ ልጄን “ምን አጠፋሽ?” አልኋት። “ምንም አላጠፋሁም፣ አባዬ” አለች። አላመንኋትም። ሩዙ ታጭዶ ሜዳ ላይ ስለነበር ሐሙስ አልሄድሁም። ልጄን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋኋት፤ ከእሷ ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር አምስት ቀን ዋልሁ።

ዓርብ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እኅቴ እንደ ልማዳቸው ለንግሥ እናታችን ቤት መጡ። ይዣቸው “እታለም፣ ልጂቱ ምን ሠርታ ነው? እዚሁ ንገሪኝና ልረፍ” አልኋቸው። “እዚህ እኅትህ ነኝ። ያንን የምትሰማው ተትምህርት ቤት መጥተህ ነው። ሰኞ ጧት ና” አሉኝ። “ክፉ ነው ደግ?” ብላቸው፣ ሳቁብኝና “ና አልሁህ እኮ!” ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ከእርሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ “ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው” የሚል መስመር ይገባል። እኛ ይህ መስመር የለንም። አልታመሙም። ራሴን አመመኝ እንኳ አላሉም። ኅዳር 15 ቀን ሰኞ፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ልጆች እያስገቡ ሳሉ “ሁለት ቀርተውብኛል” ብለው ወደ መንገዱ እንደዞሩ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ልብ ነው ብለውናል። እኔ በዚያች ሰዓት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ወደ እርሳቸው እየመጣሁ ነበር። ስልኬ ሲጠራ “የት ደረስህ?” ልትለኝ ነው ብዬ አነሣሁት። እስካሁን የሰማሁትን አላመንሁም። እናታችንም “ለሰልፍ ትደርስ ብላ ነው የቸኮለች፣ ትመለሳለች” እያለች መቀነቷን ታጠብቃለች።

መምህራኑ የእኅቴን ደብተር አምጥተው ሰጡኝ። በየልጁ ስም አንጻር ያዩት ተጽፏል፤ የአንዱ መቅረት፣ የአንዷ ዝምታ፣ አንዱ ለትንሽ እኅቱ ጫማውን መስጠቱ። እየገለጥሁ ከልጄ ስም ደረስሁ። “ፀደይ ሰውመሆን። ለአባቷ በቃል ይነገር” ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ፀደይን ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም። መምህራኑም አያውቁም። እኅቴ በልጄ ላይ ምን እንዳዩ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፤ ሐሙስ ብሄድ ኖሮ ግን እኔ አውቀው ነበር።

መምህርት ይታይሽ ባለቤታቸውን አቶ ገበያውን፣ ልጆቻቸውን እየሩስንና ኪዳነ ማርያምን፣ እናታቸውን ወይዘሮ አማከለችን፣ እኔን ወንድማቸውንና በየስማቸው እየጠሩ ያስገቧቸውን ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ወረቀት የደረሳችሁ ወላጆች ከዚህ ለቅሶ መካከል እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቻችሁን አትምቱ። አትዝጓቸውም። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ኑና የተጻፈላችሁን አነብላችኋለሁ።

በቁሐር ሜዳ ያመላለሳቸው ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳቸውን ይዞ ያሻግርልን፤ በስሟ ጠርቶ በበሩ የሚያስገባት አትጣ፤ ለእናታችንም ጽናቱን ይስጥልን።

እታለም፣ አሁን እንደ ወትሮው አንቺ ልበልሽ። ፀደይ አጠገቤ ቆማለች፤ እጇን ይዣለሁ። ያየሽባትን አልነገርሽኝም፤ እንግዲህ እኔው በየቀኑ እያየሁ እፈልገዋለሁ። ሰኞ ና ብለሽኝ ነበር። ዘገየሁ እንጂ፣ ወላጅ መጥቷል።