በእባቡ ካርድ ላይ ያንተ ኪሎ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14፣ ጠዋት። ለእባቦቹ ከፍሪዘር የወጡ አይጦች ሁለት። ቪዛ አንዱን በላች። ሻንጣ አልነካም፤ ይህ አምስተኛ እምቢታው ነው። ክብደቱ 498 ግራም።

ይማሜ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር አለፈ፤ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። ይህ ደብተር የሱቅ ነው። ምን ገባ፣ ምን አለቀ፣ ማን ምን አዘዘ የሚለውን እንጂ ሌላ ነገር ጽፌበት አላውቅም። ዛሬ ግን የእባቦቹን ከመዘገብኩ በኋላ እስክሪብቶውን ማስቀመጥ አቃተኝ። የምነግርህ አለኝ። ግማሹ የቤት ወሬ ነው፣ ግማሹ ክስ።

ከቤቱ ልጀምር። ልጃችን ሐያት ደንዉዲ ከተማ ሥራ አግኝታ እዚያው አፓርትመንት ተከራይታለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። መኪናህን ኮሌጅ ፓርክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ አብሮህ የታክሲ ተራ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛህ ወስዷታል፤ የኋላ በሯ አሁንም ሁለቴ ካልተገፋ አይዘጋም ብሎኛል። ዶራቪል ያለው ሱቄ እንዳለ ነው። የሽቶውን መደርደሪያ ወደ በሩ አመጣሁት። አንተ ሁልጊዜ ሻርፖቹ ይቅደሙ ትል ነበር። ተሳስተህ ነበር፤ ሴቶቹ ሽቶው ጋ ቆመው ነው ሻርፑን የሚያዩት።

እባቦቹን አልሸጥኳቸውም። ሰው ሁሉ እንደምሸጣቸው እርግጠኛ ነበር። ከሱቄ ጎን ፀጉር የምትሠራው ዘይነባ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሴት ባሏ ሲሞትባት ዘመድ ታስጠጋለች፣ አንቺ እባብ ታስጠጊያለሽ?» አለችኝ። «ዘመዶቼ ከነዚህ በላይ ይበላሉ» አልኳት። እስኪያስላት ሳቀች።

እንዴት እንደመጡ ታስታውሳለህ። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስከው ተማሪ ሁለት የመስታወት ሳጥን ትቶልህ፣ «ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ አንክል» ብሎህ ሄደ። አንተም የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረህ ጠበቅከኝ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ «ወይ እነሱ ወይ እኔ!» ስልህ፣ «መርዝ የላቸውም፣ አይጮሁም፣ ኪራይም ይከፍሉ ይሆናል» አልከኝ። ተማሪው ስልክ ማንሳት አቆመ። ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ ነው ብለህ ወንዱን ሻንጣ አልከው። ሴቷን፣ ስትጠብቃት ከመደበቂያዋ ስለማትወጣ፣ ቪዛ አልካት። ስድስት ዓመት ሆነው።

በመጀመሪያው ፀደይ ሻንጣ መብላት ሲያቆም ከእኔ ይልቅ የደነገጥከው አንተ ነበርክ። ለእንስሳት ሐኪሟ ደወልክ። የመራቢያ ወቅታቸው ነው፣ ወንዱ ሴቷን ሲያሸት ምግብ ይረሳል፣ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ዝም ብለህ በየአሥር ቀኑ አቅርብለት፣ መዝነው፣ ክብደቱ በጣም ካልወረደ ጠብቀው አለችህ። ያኔ ነው ትንሿን ሚዛን የገዛኸው። ካርዱንም ያኔ ጀመርክ። ቀን፣ በላ ወይም አልበላም፣ ስንት ግራም። በፕላስቲክ ከተህ መስታወቱ ላይ ለጠፍከው። የተሳፋሪ አድራሻ ሦስቴ የምትጠይቅ ሰው፣ የእባብን ክብደት አንድ ጊዜ እንኳን ሳትጽፍ አታልፍም ነበር። እወድልህ ነበር ያንን።

አሁን ወደ ክሱ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ ሻንጣ ለአራተኛ ጊዜ አይጡን ትቶ ሲዞር፣ አምና ምን ያህል ቆይቶ እንደበላ ለማየት ካርዱን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ገለበጥኩት። የአምናው ከጀርባ ነበር። በግራ በኩል የሻንጣ ግራም አለ። በቀኝ በኩል ምንም ስም ያልተጻፈበት ሌላ የቁጥር ረድፍ አለ። 81። 78። 74። 72። መጀመሪያ የሳጥኑ ሙቀት መሰለኝ፤ በፋራናይት ሰማንያ አንድ ላይ ይሁን ትል ስለነበር። ማሞቂያው እየሞተ ነበር እንዴ ብዬ እጄን መስታወቱ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው 81 ጎን በትንሹ የጻፍካትን አየሁ። «ውጤት መጣ።» ጃንዋሪ ላይ። ማሞቂያ ውጤት አይመጣለትም፤ ያንተ ኪሎ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ ይማሜ። ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት።

ጁላይ ላይ ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ በሽታው እንደቆየ ሲነግረን አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። እጄን ይዘህ «አልሐምዱሊላህ» አልክ። አንተም ልክ እንደ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማህ መስለህ። ስድስት ወር ሙሉ የያዝከውን ነገር ለእኔ ስትል እንደ አዲስ ሰማኸው።

እንዴት አድርገህ እንደሸወድከኝ አሁን አንድ በአንድ ይታየኛል። መጀመሪያ ረመዳን ሸፈነልህ። ቀን አለመብላትህን ማን ይጠይቃል? ማታ ደግሞ፣ «ከሹፌሮቹ ጋር አፈጥራለሁ፣ ተራዬ እንዳያልፍ» እያልክ እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ቀረህ። የቋጠርኩልህ ሳምቡሳ ባዶ ዕቃው ሲመለስልኝ፣ ጨረሰው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ጓደኛህን እሑድ ዕለት ደውዬ ጠየቅኩት። «እኛ ነን የበላነው፣ እህቴ፤ ሆዴን ይቆርጠኛል ይለን ነበር» አለኝ።

ከዒድ በኋላ ደግሞ ሻንጣ ሸፈነልህ። የሠራሁት ክትፎ ፊትህ ቀዝቅዞ «ምነው?» ስልህ፣ ምን አልከኝ? «እኔና ሻንጣ ዘመዳሞች ነን፤ ፀደይ ሲገባ አፋችን ይዘጋል። ጁን ላይ ተመልከችን።» ሳቅኩ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ፤ መሳቄ። ለሐያትም ደውዬ አባትሽ እንደ እባቡ ሆነ ብዬ ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች። ሦስታችንም ሳቅን፣ ከሦስታችን አንዱ ግን ለምን እንደሚስቅ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሜይ ላይ ዱባይ ሂጂ አልከኝ። ለዓረፋ ዕቃ አምጪ፣ ዘንድሮ ካልሄድሽ ሌሎቹ ይቀድሙሻል፣ እኔ አለሁ፣ እባቦቹም አሉ። አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። ካርዱ ላይ ስሄድ 72 ነህ፣ ስመለስ 68 ተኩል። ያንን ያህል የወረድከው እኔ ጨርቅ እየዳሰስኩ ከሻጮች ጋር ስከራከር ነው። ላንተ ጀለቢያ ገዛሁልህ፤ ግራጫ፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለው። ስትለብሰው ትከሻው ወደ ክንድህ ወረደ። ቀና ብለህ አይተኸኝ፣ «ሳይዙን ተሳሳትሽ» አልከኝ።

እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሸጬ፣ ሴት በር ላይ ሳትገባ ልኳን የማውቅ እኔ? ያንተን ትከሻ? ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ግን አንተ ስለሆንክ አመንኩህ። እርጅና ነው፣ ዓይኔ ደክሟል ብዬ መነጽር አሠራሁ ይማሜ። መነጽር! ሱቅ ስገባ ቱታና ቀሚስ አንስቼ ሁለቴ መለካት ጀመርኩ። በሽታህን መደበቅህ አንድ ነገር ነው። ዓይኔ በትክክል ያየውን አላየሽም ማለትህ ግን ሌላ ነው። ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬ እስካሁን አልተሳካልኝም።

ካርዱን ለሐያት አሳየኋት። አልቅሳ ስታበቃ፣ «ማሚ፣ አይ ሚን፣ ስትሬስ እንዳታደርጊ ብሎ ነው፣ ፕሮቴክት ሊያደርግሽ» አለች። ከምን ነው የሚጠብቀኝ? ሱቁን ለሁለት ወር እዘጋ ነበር። ዱባይ አልሄድም ነበር። በጠዋት ከአንተ ጋር እቀመጥ ነበር፤ ባትበላም እቀመጥ ነበር። ያ ጊዜ የሁለታችን ነበር፤ አንተ ብቻህን ወሰንክበት። ሰው ቀርቶ ዕቃ እንኳን ሲቀንስ አብረን ነበር የምንቆጥረው።

የካርዱ የመጨረሻ መስመር ጁን ላይ ነው። «ሻንጣ በላ» ይላል። ደስ ሲልህ እንደምትጽፈው ፊደሉን ትልቅ አድርገኸዋል። በቀኝ በኩል ያንተ ቦታ ባዶ ነው። ምንም አልሞላህበትም። ያን መስመር ሳየው ብቻ ነው ንዴቴ ትንሽ የሚለቀኝ፤ ሚዛኑ ላይ መውጣት የፈራህበት ጠዋት እንደነበረ ይገባኛል። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ በዚያ ጠዋት ወጥ ቤት እንደነበርኩ፣ በመካከላችን አንድ በር ብቻ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ንዴቴም ይመለሳል።

ዘንድሮም ሻንጣ አይበላም። ሌሊት ይሁን ቀን በመስታወቱ ጥግ ይዞራል፣ አፍንጫውን ወደ ቪዛ ሳጥን ይለጥፋል። ሁሉም ወቅቱ ነው ይለኛል። ሐያት ጉግል አድርጋ «ኖርማል ነው» አለችኝ። ሐኪሟም በስልክ ያንኑ አለች። ሊሆን ይችላል። ሲጀምር 520 ነበር፣ ዛሬ 498 ነው፤ ያን ያህል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ወቅቱ ነው የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ከምወደው ሰው አፍ አምኜ ገዝቼዋለሁ። ሁለተኛ ሳላይ አልገዛውም። እሱ ምስኪን ምን አደረገ? የሚሆነውን ነገር በግልጽ ያሳየኛል፤ ሲርበው ይበላል፣ ሳይርበው ይዞራል። ስሙን ለውሸት የተጠቀምክበት አንተ ነህ።

አዲስ ካርድ ጀምሬያለሁ። በቀኝ በኩል ያለውን ረድፍ እንዳለ አስምሬዋለሁ፤ አልሞላውም፣ አላጠፋውምም። ያንተን ካርድ እዚህ ደብተር ውስጥ ከዚህ ገጽ ጋር አስቀምጠዋለሁ። አልረሳህም ይማሜ፣ አላህ ይዘንልህ። ግን ሐዘን ላይ የመጡት ሰዎች እንደሚሉት አሳምሬ አላስታውስህም። የመኪናህን የኋላ በር ሁለቴ እንደምትገፋ፣ እንደምታስቀኝ፣ ለእባብ እንደምትጨነቅ፣ ለእኔ እንደዋሸህ፤ ሁሉንም እንደነበረ። ጀለቢያውንም አላጠበብኩትም። ልኩ ትክክል ነበር። መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ነገ፦ ሱቁን ዘይነባ ትከፍትልኛለች። ሻንጣን በትራስ ልብስ አድርጌ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሟ ጋ አደርሰዋለሁ። ሲመዝኑት አጠገቡ እቆማለሁ።