ያልተቀቀለ አሚዶ

ረቡዕ፣ ጥር 24
አልመጣም ብላለች። እናቴ ከሰላምታው ቀድማ ነገረችኝ፤ ቤዛ የትምህርት ቤቱን ዕረፍት እዚያው ቢቸና ልታሳልፍ ነው። አቅርቢልኝ አልኩና ልጄ ላይ ጮህኩባት። ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም? ስልኩን ለእናቴ መለሰችላት።

ባሌ ሞቶ ቤዛን ለእናቴ ትቼ ሞጣ ሱቅ ስከፍት ገና ጡት የጣለች ነበረች። ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። እናቴን እማዬ ትላለች፣ እኔን ሙሉ እያለች በስሜ ትጠራኛለች። አርሚያት አላውቅም።

ሐሙስ፣ 25
የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር አሚዶ ሊገዙ መጡ፤ ከሩቅ ተመድበው የመጡ ላጤ ናቸው። ነጠላ የምታጥብልዎት አገኙ ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው። ለነጠላ ሳይሆን ለአራተኛ ክፍል ነው አሉኝ። በውኃ የተበጠበጠ አሚዶ ቀስ ብለው እጅ ሲከቱበት ያስገባል፣ በቡጢ ሲመቱት ይጠጥራል።

አላመንኩም። ግን ቤዛም አራተኛ ክፍል ናት፤ የምናወራው ነገር ይገኝልኝ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ሞከርኩት። ውኃ አፈላሁ፣ አሚዶውን ጨምሬ እስኪወፍር አማሰልኩ፣ አቀዘቀዝኩት፣ መታሁት። እጄ እስከ አንጓው ሰመጠ። ሙጫ ሆኗል። ስታጠብ ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የከፋኝም ማንም ስላላየኝ ነው።

ዓርብ፣ 26
ደወልኩ። ስለ መምጣት አላነሳሁም። ቤዛ እንደ ወትሮዋ አዎ፣ አይ፣ ደህና ነኝ። የትናንቱን ነገርኳት።

"ቀቀልሽው እንዴ?"

"አሚዶ አይቀቀልም?"

"እሱ ለነጠላ ነው፣ ሙሉ።"

ሳቀች። በእኔ ነው የሳቀችው፤ ይሁን።

ከዚያ አስተማረችኝ። ጥሬ አሚዶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ቁጥር የሌለው ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው በጠባብ በር ቀስ እያለ ሲገባ ሁሉም ያልፋል፣ ሲጋፋ ግን ተቆላልፎ ይቆማል። ቅንጣቶቹም እንዲሁ ናቸው። ቀስ ብለው ሲነኳቸው ውኃው በመካከላቸው እያንሸራተታቸው ቦታ ይለቃሉ። ሲመቷቸው ውኃው ይሸሽና እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሲቀቀሉ ደግሞ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈርሳሉ፤ የሚቆላለፍ አይተርፍም።

ማርም እንዲህ ነው? አልኳት። ማር ወፍራም ነው እንጂ ቢመቱትም ያው ነው፤ ማር የኒውተንን ሕግ ይከተላል፣ አሚዶ አይከተልም አለች። ኒውተን ማን ነው ብላት "የሞተ ሰው ነው" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ 27
በቀዝቃዛ ውኃ በጠበጥኩት፤ አሚዶው ከውኃው ይብዛ ብላኛለች። መታሁት፤ አንጓዬን አመመኝ። ጣቴን ቀስ ብዬ ከተትኩ፤ ገባ። ፈጥኜ ልነቅለው ስል ያዘኝ። ቀስ ስል ለቀቀኝ።

ሳሙና የምትገዛ ጎረቤት ገብታ ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ። እጅ እየታጠብኩ ነው አልኩ። ምን ብዬ ልንገራት? ይህን የምነግራት ሰው ያለችው ቢቸና ነው።

እሁድ፣ 28
እሷው ደወለች። በእናቴ ስልክ፣ ማንም ሳያዛት።

"እንቆቅልሽ።"

"ምን አውቅልሽ?"

"ሲተዉት ይረጋል፣ ሲነቀንቁት ይፈሳል።"

እርጎ ነው። ሳትጨርሰው አውቄዋለሁ። ግን ያወቀ ሰው አገር አይሰጥም።

አላወቅኩም አልኳት።

"አገር ስጪኛ።"

"ቢቸናን ሰጠሁሽ።"

"ቢቸናማ አለሁበት። ሌላ።"

ደንበኛ ሲያመነታ አይለመንም፤ ዕቃውን ፊቱ አስቀምጦ ዝም ማለት ነው። "ሞጣን ሰጠሁሽ" አልኩና ዝም አልኩ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ሞጣ ገብቼ፣ ምን አጥቼ" ብላ ጀመረች፤ ሳታቋርጥ አወረደችው። እርጎ እንኳ የማታውቅ ነጋዴ ብላ ሰደበችኝ። እርጎ የአሚዶ ተቃራኒ ነው አለችኝ፤ ሲረጋ ተያይዞ የቆመው ሲነቀነቅ ይላቀቅና ይቀጥናል። ሁሉንም እንደማያውቅ ሰው አዳመጥኩ።

በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አልጋሽ ትልቅ ነው?" አለችኝ።

ትልቅ ነው አልኳት። ትልቅ አይደለም። ነገ በጠዋት አናጢውን አነጋግራለሁ።