ቁጥር የተለጠፈበት ሲንቄ

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የአሰላ ብርድ። ማዕከሉን ስከፍት ቁልፉ ራሱ ጣት ይቆርጣል። ጥበቃው ጋሽ ወልደጻድቅ “ጭላሎ ተራራ ዛሬም ፊቱን አላሳየም” አሉ። በየቀኑ ይህንኑ ነው የሚሉት።

ሲፈን ቀድማኝ መጥታ መድረኩን ትጠርጋለች፣ እያዜመች። ዘፋኝ ሆና ተቀጥራ መጥረጊያ የምትይዝ እሷ ብቻ ናት። “ተይው፣ የጽዳት ሠራተኛ አለን” ስላት “እግሬን ይሞቀው ብዬ ነው አቦ” ብላ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩ ባይገባኝም።

በዓላችን ኅዳር 13 ነው። “ግንድና ቅርንጫፍ የባህል ማዕከል” አንድ ዓመት ሊሞላው! ግንዱ እኛ፣ ቅርንጫፉ ባሕር ማዶ የተበተነው የአፍሪካ ልጅ... ዳይሬክተራችን አቶ አሰግድ በሄዱበት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። ጃማይካውያኑ ከሻሸመኔ ከበሯቸውን ይዘው ይመጣሉ። የእኛዎቹ የአርሲን ባህል ያሳያሉ። እኔ ንብረት ክፍል ነኝ። ዕቃ በቦታው ሲሆን ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

ጥቅምት 28

አዴ ፈይሩዛ (‘አዴ’ እናት እንደ ማለት ነው) ለበዓሉ ሊያውሱን ሲንቄያቸውን ይዘው ከሁሩታ መጡ። በሠርጋቸው ቀን እናታቸው የሰጧቸው ቀጭን በትር። ቅቤ ሲጠጣ ኖሮ ያብረቀርቃል። መዘገብኩት፤ ቁጥር ያለው ስቲከር ለጠፍኩበት፤ መስታወቱ ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። አዴ ስቲከሩን አይተው “ታርጋ አወጣሽለት?” ብለው ሳቁ።

ለእንግዳ የምለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። “የአርሲ ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ያዩዋት ሴቶች የእጃቸውን ሥራ ጥለው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይከተሏታል። በዳዩ በሰው ፊት ይቅርታ ሳይጠይቅ አንዷም ቤቷ አትገባም።” ሁልጊዜ ይጨበጨብልኛል።

አዴ ሲወጡ “እኔ ሮቤ እሰነብታለሁ፣ ልጄ ልትወልድ ነው። የቸገራት ሴት ከመጣች ስጫት፣ እሺ?” አሉኝ። እሺ አልኳቸው... ለጨዋነት ያህል።

ኅዳር 4

ሲፈን ፊቷን በሻርፕ ሸፍና መጣች። “በር መታኝ” አለች። ምሳ ላይ ሻርፑ ሸርተት ሲል አየሁ። በር እንዲህ አይመታም።

ባሏ አብዲሳ ባጃጅ ነጂ ነው። ዝናብ ሲይዘኝ በነፃ የሚያደርሰኝ፣ እማዬን “እማማ የሺሃረግ እንዴት ናቸው?” ሳይል የማያልፍ። እሱ? እውነት እሱ?

ኅዳር 5

“ኤፍራ፣ ያንን ሲንቄ ታበድሪኛለሽ?” አለችኝ ሲፈን።

“ለልምምድ?”

“ለልምምድ አይደለም።”

እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። አብዲሳ ጋ የገባችው ያለ ሠርግ። ሲንቄ የሚሰጣት ሰው አልነበራትም። “ባዶ እጄን ብወጣ ከባሏ ተጣላች ነው የሚሉኝ። ይዤው ከወጣሁ ግን ሴቶቹ ይከተሉኛል። አንዴ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ ሁለተኛ አይነካኝም። ሰው ይፈራል እሱ፣ አውቀዋለሁ።” ፖሊስ ጋ ሂጂ አልኳት። “ተፈትቶ ሲመጣስ?” አለችኝ።

አቶ አሰግድን ጠየቅኳቸው። “ኤፍሪ፣ የተመዘገበ ንብረት እኮ ነው። ራስሽ አይደለሽ የመዘገብሽው? ደግሞ በበዓል ሰሞን የሠራተኛ ቤት ጣጣ አደባባይ ይውጣ? እንግዶቹ ይሂዱልን፣ ልጁን እኔ ራሴ እመክረዋለሁ።”

ለሲፈን ነገርኳት። “እሺ” አለች። ስነግራት ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እየነካካሁት ነበር።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው በቆሻሻ ቃጠሎ ጭስ ታጥኖ ዋለ። ለእማዬ የሲፈንን ነገር አጫወትኳት። “የሰው ትዳር ውስጥ አትግቢ” አለችኝ። ስትለኝ ቀለል አለኝ። ለምን ቀለለኝ?

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

በዓሉ አማረ። እግሬ አብጧል፣ ግን ልጻፈው።

ጃማይካዊቷ እማማ ሶፊ ከሻሸመኔዎቹ ወገኖቻቸው ጋር ከበሮ መቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ተነቃነቀ። ከበቆጂ የመጡት ወጣቶች ሳይቀሩ ዘለሉ። ከዚያ የእኛ ድራማ ቀጠለ። ሲፈን የተደበደበችውን ሚስት ሆና ተጫወተች። አቶ አሰግድ ለመድረኩ ብለው ፈርመው ሲንቄው ከሣጥኑ ወጣ! ለመድረክ ሲሆን አንድ ፊርማ በቃው። ይዛው ስትወጣ አለቀሰች። ሴቶቹ በእልልታ ተከተሏት፤ ባል የሆነው ተዋናይ ተንበርክኮ፣ እንደ ወጉ ሣር ይዞ ይቅርታ ለመነ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። አብዲሳ ፊተኛው ረድፍ ነበር። እሱም አጨበጨበ... መጀመሪያ ላይ። በኋላ ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያየው እጁን አጣጠፈ።

እማማ ሶፊ ክንዴን ያዙኝ። “ኤፍራታ፣ ይቺ ልጅ ድራማ አይደለም ያለቀሰችው። እኔ አውቃለሁ። እህቴ፣ ኪንግስተን እያለን፣ እንደዚህ ነበር የምታለቅሰው።” “ሰኞ እናስተካክለዋለን” አልኳቸው።

ከመጋረጃው ኋላ ሲንቄውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልለቀቀችም። “ኤፍራ፣ ለዛሬ ማታ ብቻ። ዓይኑን አይቼዋለሁ።” “ሰኞ አዴ ፈይሩዛ ከሮቤ ይመለሳሉ፣ አብረን እንነግራቸዋለን። ሁለት ቀን እኮ ነው” አልኳት። ሳብኩት። ለቀቀችው። ቦታው መለስኩት፣ ቆለፍኩ።

ትንሽ ደብሮኛል። ሰኞ ይስተካከላል።

ኅዳር 14

ቅዳሴ። ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ስተኛ ዋልኩ፣ ደስ የሚል ድካም።

ኅዳር 15

ሲፈን ሞተች።

ኅዳር 16

ቅዳሜ ማታ ነው የደበደባት። “አዋረድሽኝ፣ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነው ያጨበጨበው” እያለ ይጮህ ነበር አሉ ጎረቤቶች። ሆስፒታል ስትገባ ትተነፍስ ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ አረፈች። ልብስ ሳጠብ... እኔ ልብስ ሳጠብ።

አብዲሳ ታስሯል። አሁን ታሰረ።

ኅዳር 17

በቆጂ፣ እናቷ አጠገብ ቀበርናት። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ነፋሱ አላቆመም። አባቷ፣ አይተውኝ የማያውቁ ሰው፣ መጥተው “ኤፍራታ የምትባለው አንቺ ነሽ? ሁልጊዜ ስላንቺ ነበር የምታወራው፣ እህቴ ናት ትለን ነበር” አሉኝ። ከሰው መሃል ሸሽቼ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። እህቴ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማልቀስ እንኳ አፈርኩ፣ ምን መብት አለኝ?

ኅዳር 20

ቢሮ ገባሁ። የእሷን መጥረጊያ ማንም አላነሳውም።

ኅዳር 23

ጠዋት ከግቢው ውጪ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ብዙ ሰው። ሴቶች። ከሁሩታ የመጡ፣ ከገጠሩ፣ ከዚሁ ከአሰላም። ሁሉም ሲንቄ ይዘዋል። እልልታ የለም። ከፊት አዴ ፈይሩዛ ናቸው፣ ባዶ እጃቸውን። የእሳቸው ሲንቄ እኔ የቆለፍኩበት ሣጥን ውስጥ ነዋ።

አቶ አሰግድ ስልካቸውን ደግነው ሮጠው ወጡ። “እንኳን ደህና መጣችሁ! ማነው እንዲህ አሳምሮ ያዘጋጀው?” ትርኢት መስሏቸው ነው። ቪዲዮ እየቀረጹ ፈገግ አሉ። አንዷም ወደ ካሜራው አልዞረችም። ስልኩ ቀስ እያለ ወረደ።

የመጡት አብዲሳ ቤት አይደለም። እኛ ጋ ነው። ሲንቄ የወጣው በእኛ ላይ ነው።

“ልጅቷ ሲንቄ ለመነች፣ ጎረቤቶቿ ነገሩን” አሉ አዴ። “የእኔን ሲንቄ። ማነው የከለከላት?”

አቶ አሰግድ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እግሬን አየሁ። ‘ዳይሬክተሩ ናቸው’ ማለት እችል ነበር፣ ውሸትም አይሆንም። ግን ከእጇ የሳብኩት እኔ ነኝ። “እኔ ነኝ አዴ” አልኩ። “እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።”

ጋሽ ወልደጻድቅ ከአጥሩ ሥር ሣር ነጭተው ሰጡን፣ ለእኔም ለአቶ አሰግድም። ድራማው ላይ እንዳየነው ተንበረከክን። ሌላ አናውቅማ። አዴ ፈይሩዛ ቀረብ አሉን።

“ይቅር የምትለው እሷ ነበረች” አሉ። “እሷ የለችም። እኛ ምን እንበላችሁ?”

አልረገሙንም። አልመረቁንም። ፀሐይ እስኪከር ቆሙ። ከዚያ አዴ ወደ ውስጥ ገቡ። ሣጥኑን ከፈትኩላቸው። ሲንቄውን አነሱ፣ ስቲከሩን በጥፍራቸው ልጠው መዳፌ ላይ ለጠፉትና ሄዱ።

ታኅሣሥ 2

አቶ አሰግድ ድራማው ለጥር በዓል ይደገም አሉ፣ በሲፈን ስም። “መታሰቢያ ይሆናታል” ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የምራቸውን ነው። እሱ ነው የባሰው... የምራቸውን መሆኑ።

ሥራ ልልቀቅ ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ወጥቼ ማንን ልጠቅም?

ታኅሣሥ 21

ለሲፈን ቦታ አዲስ ልጅ መጣች፣ ሄለን ትባላለች። ባለፈው ዓመት ነው ያገባችው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የሲፈንን አያክልም፣ የሚያክል የለም። ልምምድ ላይ ያቺን የልቅሶ ቦታ ስትደርስ አለቀሰች። ሁሉም “ጎበዝ! እንደዚህ ነው!” እያሉ አጨበጨቡ። አቶ አሰግድም።

እኔ እጄ አልነሳም አለኝ።

ሲያርፉ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። “ሄለን፣ ቤትሽ እንዴት ነው?” አልኳት።

“ደህና።”

“ባልሽስ?”

“ደህና ነው እትዬ። ለምን?”

ያኔ ቢሆን ተነስቼ እሄድ ነበር። ዕቃ እቆጥር ነበር። አልተነሳሁም። ሰው ሁሉ ለሻይ ወጣ። የቀሚሷን እጅጌ ወደ ታች ጎተት፣ ጎተት ታደርጋለች። አሁንም አልተነሳሁም።

“ለማንም አትናገሪም?” አለችኝ።

“እናገራለሁ” አልኳት። “ለአዴ ፈይሩዛ። ዛሬውኑ። ነጠላሽን ልበሺ፣ የሁሩታ መኪና ሳያመልጠን።”