ባዶ ስለቀረው የዱዌን ወንበር

ለክቡር ሚስተር ክሊፍተን ሃርግሮቭ፣
የፓርቲያችን የካውንቲ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ከየካቲቱ ቅድመ ምርጫ ወዲህ ከፊትዎ ያልጠፋው ፈገግታ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከበረዶውና ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ ብልዎ ደስ ባለኝ ነበር። ለማንኛውም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚለዩበት በዚያ ቅድመ ምርጫ የራሳችን እጩ ተፎካካሪ ስለሌላት ድምፃችን ሥራ እንዳይፈታ ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። ሚሺጋን ውስጥ ማንም የፈለገውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠይቆ መምረጥ እንደሚችል አስታውሰው፣ «ወደ ሌላው ፓርቲ ተሻገሩና ከእጩዎቻቸው ያንን ጯኺ ሰውዬ ምረጡት፤ አገር የሚስቅበት ሰው ነው፣ በኅዳሩ ዋና ምርጫ በቀላሉ እንጥለዋለን» እያሉ በየቤታችን ደወሉ። የሰፈራችንን ሰው እንዲህ ታዛዥ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ስለ ዱዌን ኬቶላ ነው። እንደሚያውቁት በምርጫ ጣቢያው ወረቀት በሚታደልበት ጠረጴዛ ከሁለቱም ፓርቲ ሰው ይቀመጣል፤ ባለቤቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከእኛ እኔ፣ ከእነሱ ዱዌን ነበርን። እዚያ ፖለቲካ ማውራት ስለማይፈቀድልን ስለ ዓሣና ስለ ጉልበታችን እናወራለን። እሱ ሥጋና ድንች የተሞላበት ቂጣ ያመጣል፣ እኔ ሻይ። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ለፓርቲያቸው ጨዋ እጩ፣ ለአገረ ገዢው ፕሬንቲስ፣ በበረዶ ቤት ለቤት ሲዞር ከርሟል።

ታዲያ በምርጫው ቀን የእኛ ሰዎች እየተከታተሉ ገብተው የእነሱን ወረቀት ሲጠይቁ ዱዌን ዓይኑን ማመን አቃተው። «አየሽ ማርጅ? ሰው እኮ ልብ አለው! ለጨዋ ሰው ሲሉ መጡልኝ!» ብሎ ሹክ ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጎረቤቶቹን በየስማቸው እየጠራ አመሰገናቸው። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ወረቀታቸውን ተቀበሉ። እኔ መናገር በሕግ ተከልክዬ ሻይ ቀዳሁለት።

ጯኺው አሸነፈ። እርስዎም በራዲዮ ቀርበው «ልጆቻችን ተሻግረው ሠሩት!» አሉ፤ ዱዌን ነገሩ የገባው ያኔ ነው። በማግስቱ ከምርጫ አስፈጻሚነቱ ለቀቀ። ቤቱ ብሄድ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «መሸነፌ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አመሰገንኳቸው እኮ ማርጅ፤ አንድ በአንድ አመሰገንኳቸው» አለኝና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አዝኛለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህንን በትሕትና ቋንቋ አሳምሬ የምጽፍበት መንገድ አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ካሸነፈ ወዲህ በዚያ ሰውዬ የሚስቅ እያነሰ ነው። ገበያ ላይ ሰዉ፣ «ይሄን ሁሉ ድምፅ ያገኘ ሰው የሆነ ነገር ቢኖረው ነው» ይላል። ቁም ነገረኛ ያስመሰለው የእኛ ድምፅ ነው። ስለዚህ ስጦታ እሱ ራሱ ያመስግንዎ፤ የእኔ ምስጋና አይበቃም።

ሲያሸንፉም ሆነ ሲያሳዝኑ አክብሮቴ የማይለይዎ፣
ማርጆሪ ሊንድኲስት፣
እስካሁን በዚያው ፓርቲ፣ በዚያው ጠረጴዛ

ማስታወሻ፦ ለኅዳሩ ምርጫ ከጎኔ የሚቀመጥ የሌላው ፓርቲ ሰው አልተገኘም። ለአንድ ቀን የእነሱን ሰው መምሰል የለመዱ አባላት ሞልተውዎታልና አንዱን ቢልኩልኝ። ምሳ ይዞ እንዲመጣ ግን አያስቸግሩት፤ አብሬው አልበላም።