ሊፍቱ እንዳይጮህ

ኅዳር 4፣ ጠዋት
እማዬን ከሐኪም መለስኳት። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ስድስተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት እግሯ ሊፍቱ ነው። ሊፍቱ ሞላ። ክብደት በዛ ብሎ ጮኸ። የሚወርድ የለም፤ ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። መጨረሻ የገቡት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሽማግሌን ማን ውረዱ ይላል? በመጨረሻ ራሳቸው ወረዱ፣ ፊታቸው ቀልቶ። የእኛ የሱሉልታ ሰው ከይሉኝታ ሞት ይሻለዋል፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 7
የሕንፃው ኮሚቴ ስብሰባ። ኦቦ ገመቹ ተቀይመዋል፤ ማሽን ነው እኔን ውረድ የሚለኝ ባይ ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ታዬ መላ አመጡ፦ ደወሉ ይቆረጥ! ክብደት በዛ የሚለውን ደወል! ተቃወምኩ። ሟርተኛ ተባልኩ። ተጨበጨበ።

ኅዳር 8
ኤሌክትሪሺያን ጠሩ፤ ደወሉን ከነመቆጣጠሪያው ቆረጠው። ድሮ ከበዛበት ይጮሃል፣ አልንቀሳቀስም ይላል። አሁን ያሸከሙትን ይዞ ይሄዳል። እማዬ ወዳዋለች፤ ጨዋ ሆነ ትላለች። ሳቅኩ። ሳቄ ራሱ አናደደኝ።

ኅዳር 18፣ ማታ
አምስተኛ ፎቅ ለቅሶ አለ። የዕድሩ ወንበር፣ ድስት፣ ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ገባ። እማዬ መሃል። ለኔ ቦታ የለም፣ በደረጃ ወጣሁ። ሊፍቱ አራተኛ ሳይደርስ ለቀቀና ቁልቁል ወረደ። ድምፁን ሰማሁ። እማዬ ብዬ እየጮህኩ ወደ ታች ሮጥኩ። አንደኛ ላይ ፍሬኑ ያዘው። የሞተ የለም። የእማዬ እጅ ተሰብሯል።

ኅዳር 20
ኮሚቴው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጣ። ተመስገን በሉ፣ እግዜር አትርፏችኋል አሉ። ደወሉስ? አልኩ። አቶ ታዬ አሁን ይሄ አይነሳም፣ ኦቦ ገመቹን ያስከፋል አሉ። ሊፍቱ ተነካክቶ ከትናንት ጀምሮ ይሠራል። ያለ ደወል! እግዜርን ፍሬን አድርገው ቀጥረውታል። እነዚህን ሰዎች ጠላኋቸው።

ኅዳር 21፣ ጠዋት
የቆጣሪውን ክፍል ቁልፍ ከዘበኛው ተቀበልኩ። ለምን አላለኝም። የሊፍቱን ዋና ማጥፊያ አወረድኩት፣ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ደወሉ እስኪመለስ አልከፍትም። አቶ ታዬ በሬን እየደበደቡ ነው፤ ይደብድቡ።
እማዬ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። የሐኪም ቀጠሮዋ ዛሬ ነው። ጫማዬን አድርጊልኝ እንውረድ ትለኛለች። ሊፍቱን የዘጋሁት እኔ መሆኔን እንዴት ልንገራት?